በዘጠኝ ሺህ ዶላር ጣቢያ ስለመክፈት

ጥያቄ፦ «አምስት ጓደኛሞች ነን፤ ሦስታችን ቨርጂኒያ፣ ሁለቱ አዲስ አበባ ይኖራሉ። ሌት ተቀን ስፖርት ብቻ የሚያሳይ የአማርኛ ቴሌቪዥን ጣቢያ ለመክፈት ወስነናል። ያጠራቀምነው 140 ሺህ ዶላር አለ። ኢኤስፒኤን የተባለውን የአሜሪካ የስፖርት ቴሌቪዥን ጣቢያ ከሥራ የተሰናበተ አንድ ሰው በክሬዲት ካርድ በተበደረው 9 ሺህ ዶላር እንደጀመረው አንብበናል፤ እኛ ከእሱ በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ገንዘብ ይዘናል። አሁን የምንከራከረው ቀድመን የሳተላይት ቦታ እንከራይ ወይስ ስቱዲዮ እንሥራ በሚለው ላይ ነው። ማስታወቂያው ሥርጭት ከጀመርን በኋላ ይመጣል ብለን እናምናለን። የኢኤስፒኤን የመጀመሪያ ዓመታት ምን ያስተምሩናል?»

ምላሽ፦

ስሌታችሁ የተሳሳተው ገንዘቡ ላይ ስለሆነ ከእሱ ልጀምር። የኢኤስፒኤን መሥራች ቢል ራስሙሰን ከክሬዲት ካርዱ 9 ሺህ ዶላር መውሰዱ እውነት ነው። በዚያ ገንዘብ የተከፈተ ጣቢያ ግን የለም። ገንዘቡ የመንገድ ስንቅ ነበር፤ ስልክ ለመደወል፣ ከከተማ ከተማ ለመዞርና የባለ ገንዘቦችን በር ለማንኳኳት ዋለ። ጣቢያውን አየር ላይ ያወጣው ጌቲ ኦይል የተባለው የነዳጅ ኩባንያ የመደበው 10 ሚሊዮን ዶላር ነው። እሱም አልበቃም። ኢኤስፒኤን በ1979 ሥርጭት ጀምሮ ትርፍ ያየው በ1985 ነው (ዓመታቱን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ስለዚህ የእናንተ 140 ሺህ ሊወዳደር የሚገባው ከጌቲ 10 ሚሊዮንና ከዚያ በኋላ ዓመት በዓመት ከተጨመረበት ገንዘብ ጋር ነው። ይህን ስታነቡ ልባችሁ ቢወርድ አይገርመኝም፤ ኮንትራት ከፈረማችሁ በኋላ ከሚወርድ ግን አሁን ይሻላል።

አሁን ወደ ታሪኩ እንሂድ፤ የሚጠቅማችሁ ዝርዝሩ ስለሆነ። ራስሙሰን ኒው ኢንግላንድ ዌለርስ በሚባል የበረዶ ሆኪ ክለብ የኮሙኒኬሽን ኃላፊ ነበር፤ በሜይ 1978 ተሰናበተ። የመጀመሪያ ሐሳቡ ትንሽ ነበር፦ የኮኔቲከት ክፍለ ግዛትን ስፖርት ለዚያው ክፍለ ግዛት የኬብል ደንበኞች ማሳየት። የአካባቢው የኬብል ኩባንያዎች ሐሳቡን ሲሰሙ ብዙም አልጓጉም። ነገሩን የለወጠው የሳተላይት ኪራይ ዋጋ ነው። አርሲኤ የተባለው ኩባንያ ሳትኮም 1 በምትባለው ሳተላይቱ ላይ ትራንስፖንደር ያከራይ ነበር፤ ምስሉን ከምድር ተቀብሎ ወደ ምድር መልሶ የሚበትነው መሣሪያ ማለት ነው። በቀን ለአምስት ሰዓት የሚጠይቀው 1,250 ዶላር ነበር። ሃያ አራቱንም ሰዓት የሚወስድ ደንበኛ ግን በወር የሚከፍለው ወደ 35 ሺህ ዶላር ብቻ ነው። ወረቀት አውጡና አስሉት፤ አምስቱ ሰዓት ለሠላሳ ቀን 37,500 ዶላር ይመጣል። ሌት ተቀኑ ከአምስቱ ሰዓት ይረክስ ነበር።

ኦገስት 16 ቀን 1978 አባትና ልጅ በመኪና ሲጓዙ ዋተርበሪ በተባለችው ከተማ አጠገብ መንገዱ ተጨናንቆ ቆሙ። ልጁ ስኮት ይባላል። ያንን ሁሉ ሰዓት በምን እንደሚሞሉት ሲነጋገሩ፣ ሙሉውን ቀን በስፖርት የመሙላት ሐሳብ የተወለደው እዚያ መኪና ውስጥ ነው። ልብ በሉ፤ ሃያ አራት ሰዓት የተመረጠው የተመልካች ጥናት ተደርጎ አይደለም። አከራዩ ሙሉውን በርካሽ ስለሰጠ ነው። እናንተ «ሌት ተቀን» ስትሉ ያንን ቅርጽ ወሰዳችሁ፤ ቅርጹን የወለደው ዋጋ ግን ዛሬ የለም። ኢኤስፒኤን ራሱ በሳምንቱ ቀናት ሙሉ ሃያ አራት ሰዓት ማሰራጨት የጀመረው ከተከፈተ ዓመት ገደማ በኋላ፣ ሴፕቴምበር 1 ቀን 1980 ነው።

ሌላም በዚያን ጊዜ ብቻ የነበረ ነገር አለ። የአሜሪካ የኬብል ኩባንያዎች ሽቦ ዘርግተዋል፤ በሽቦው ላይ የሚሸጡት ግን ጥቂት ነበር። አብዛኛው ደንበኛ ኬብል ያስገባው ተራራና ሕንፃ የከለለበትን መደበኛ ጣቢያ በጥራት ለማየት ነው። አዲስ ጣቢያ ሲመጣላቸው ለደንበኛ የሚያቀርቡት አዲስ ዕቃ ስለሆነ ቦታ ሰጡት። ዛሬ የእናንተ ተመልካች በእጁ ባለው ስልክ ላይ ጎሉ ከተቆጠረ በደቂቃዎች ውስጥ ያየዋል። በዲሹም የሚመርጣቸው ጣቢያዎች ብዙ ናቸው። አየር ላይ መገኘት በ1979 ራሱ ዋጋ ነበረው፤ አሁን ዋጋ ያለው በእጃችሁ ያለው ጨዋታ ነው።

በ1979 መጀመሪያ ወራት ሦስት ነገሮች በተከታታይ ተሳኩ። የጌቲ ምክትል ፕሬዚዳንት ስቱዋርት ኢቪ ኩባንያውን አሳምኖ 10 ሚሊዮን ዶላር አስመደበ፤ ጌቲ በምላሹ የጣቢያውን 85 ከመቶ ድርሻ ያዘ። ይህን ቁጥር ዝም ብላችሁ አትለፉት፤ መሥራቹ ጣቢያው ሳይከፈት በፊት የራሱ ጌታ መሆኑ ቀርቶ ነበር። ቀጥሎ የአሜሪካ ኮሌጆች ስፖርት ማኅበር ኤንሲኤኤ ብዙ ዓይነት ውድድሮቹን እንዲያሳዩ ፈቀደላቸው። ትልልቆቹ ጣቢያዎች የሚፈልጉት ዋና ዋናዎቹን የአሜሪካ እግር ኳስ (ኳሱ በእጅ ተይዞ የሚሮጥበት ዓይነት) እና የቅርጫት ኳስ ጨዋታዎች ነበር፤ የተረፈው እጅግ ብዙ ስፖርት ተመልካች እያለው የሚያሳየው አልነበረም። ከ1980 ጀምሮ የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ሻምፒዮና የመጀመሪያ ዙር ጨዋታዎች በኢኤስፒኤን መታየት ሲጀምሩ ሰው ጣቢያውን በስም መጥራት ጀመረ። ሦስተኛው የቢራ ጠማቂው አንሃይዘር ቡሽ ነው፤ በ1 ሚሊዮን 380 ሺህ ዶላር የማስታወቂያ ውል ፈረመ። በኬብል ቴሌቪዥን ታሪክ እስከዚያን ቀን ድረስ ያን ያህል ትልቅ የማስታወቂያ ውል አልነበረም።

ጊዜውን አስተውሉ። የጨዋታ መብቱም፣ ካፒታሉም፣ ትልቁ ማስታወቂያም የተያዙት ካሜራ ከመብራቱ በፊት ነው። «ማስታወቂያው ሥርጭት ከጀመርን በኋላ ይመጣል» ያላችሁትን ኢኤስፒኤን አልሞከረውም። በተጨማሪም የእነሱ ዋና አስተዋዋቂ በእናንተ በኩል የተዘጋ በር ነው። በኢትዮጵያ በ2019 የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ የአልኮል መጠጥን በሬዲዮና በቴሌቪዥን ማስተዋወቅ ከልክሏል። ከዚያ በፊት የአገራችንን የስፖርት ሥርጭት ይሸከሙ ከነበሩት ዋነኞቹ የቢራ ፋብሪካዎች ነበሩ። በቢዝነስ ዕቅዳችሁ ገቢ በሚለው ዓምድ ሥር ቢራ ካለ ዛሬውኑ ሰርዙት።

ስቱዲዮን በሚመለከት ከመጀመሪያው ምሽት ታሪክ የምታገኙት ነገር አለ። ዕለቱ ሴፕቴምበር 7 ቀን 1979 ነው፤ በእኛ ጳጉሜን 2 ቀን 1971። ብሪስቶል የተባለች ትንሽ የኮኔቲከት ከተማ የተመረጠችው መሬቷ ርካሽ ስለነበረና ትልልቅ ዲሾች ለመትከል ስለፈቀደች ነው። ሕንፃው አላለቀም፤ ግቢው ጭቃ ነው። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ሊ ሊዮናርድ የመክፈቻውን ቃል ተናገረ፤ ጆርጅ ግራንዴ ስፖርትሴንተር የተባለውን የዜና ፕሮግራም አቀረበ። በቀጥታ ለቃለ መጠይቅ ወደ ኮሎራዶ ሲሻገሩ ምስሉ መጣ፣ ድምፁ ቀረ። የእንግዳው አፍ ይንቀሳቀሳል፤ የሚሰማ ነገር የለም። ከዚያ የመጀመሪያው ጨዋታ ቀጠለ፤ ሶፍትቦል የሚባል የቤዝቦል ዓይነት ጨዋታ ነበር፣ ሚልዋኪ ሽሊትዝ ከኬንታኪ ቦርቦንስ። ሽሊትዝ የዋናው አስተዋዋቂ ተቀናቃኝ የሆነ የቢራ ስም ነው። ከሰባ ሚሊዮን በላይ የቴሌቪዥን ቤተሰብ ባለበት አገር ጣቢያው የሚደርሰው ወደ 1.4 ሚሊዮን የኬብል ደንበኞች ቤት ብቻ ነበር።

ይህን ሁሉ የምነግራችሁ ያማረ ስቱዲዮ ማንንም እንዳላዳነ፣ ጭቃና የድምፅ ብልሽትም ማንንም እንዳልገደለ እንድታዩ ነው። ተመልካቹ የተሰበረውን ድምፅ ይቅር ይላል። ይቅር የማይለው በማግስቱ ሲመለስ የሚያየው ጨዋታ ማጣትን ነው። ብሪስቶል የነበሩት ሰዎች ይህ ገብቷቸው ሰዓቱን በተገኘው ሁሉ ሞሉት፤ የአውስትራሊያ እግር ኳስ፣ ቴኒስ፣ ቀድሞ ተቀርጾ ዘግይቶ የሚታይ የኮሌጅ እግር ኳስ። በ1980 የአሜሪካ እግር ኳስ ሊግ አዳዲስ ተጫዋቾችን ለክለቦች የሚያከፋፍልበትን ስብሰባ በቀጥታ እናሳይ ብለው ሲጠይቁ የሊጉን ኃላፊዎች አስገረሙ። ስም እየተጠራ በሚነበብበት ስብሰባ ላይ ማን ዓይኑን ይተክላል? ሰው ግን ተከለ። ዛሬ ራሱን የቻለ ትልቅ ዝግጅት ሆኗል። ሌሎች ዋጋ ያልሰጡትን ማየት የሚባለው ይህ ነው፤ ከኢኤስፒኤን ታሪክ ያለ ብዙ ገንዘብ ልትወስዱት የምትችሉት ትምህርትም እሱ ነው።

ውስጡ ግን ሰላም አልነበረም። ጌቲ ገንዘቡን ሲያወጣ ሰውም አመጣ። ኤንቢሲ በተባለው ትልቅ የአሜሪካ ቴሌቪዥን የስፖርት ኃላፊ የነበረው ቼት ሲመንስ በ1979 የጣቢያው ፕሬዚዳንት ሆነ፤ ከኤንቢሲ የመጡ ሌሎች ባለሙያዎችም ተከተሉት። ሥራውን የሚያውቁ ሰዎች ነበሩና መምጣታቸው ጣቢያውን ጠቅሟል። ራስሙሰን ግን ብዙም ሳይቆይ በራሱ ሐሳብ ላይ ቃሉ የማይሰማ ሰው ሆኖ ወጣ። በዚህ በጌቲ አልፈርድም፤ 85 ከመቶውን የሸጠ ሰው የሸጠው መሪውን ጭምር ነው። እናንተ አምስት ናችሁ። ከውጭ ባለሀብት ቢመጣ ማን ምን ያህል እንደሚለቅ፣ ከስንት ከመቶ በታች ወርዳችሁ እንደማትሸጡ ዛሬ በጽሑፍ አስቀምጡ። ገንዘቡ ሲያልቅና ባለሀብቱ ብዕር ሲያቀብላችሁ መደራደሪያ አይኖራችሁም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር መጣሁ። ጣቢያው እየሰፋ በሄደ ቁጥር ይከስር ነበር። ለኬብል ኩባንያዎች ሥርጭቱን የሚሰጠው በነፃ ነው፤ ገቢው ማስታወቂያ ብቻ ነው፤ የማስታወቂያ ድርጅቶች ደግሞ ኬብልን ገና አላመኑትም። ሲመንስ በ1982 ለቆ ዩኤስኤፍኤል የተባለውን አዲስ የአሜሪካ እግር ኳስ ሊግ ሊመራ ሄደ፤ ቢል ግራይምስ ተተካ። ጌቲም ይህ ጉድጓድ መጨረሻ አለው ወይ ብሎ ማኪንዚ የተባለውን አማካሪ ድርጅት አስጠና። ከአጥኚዎቹ አንዱ ሮጀር ወርነር በኋላ ጣቢያውን ራሱን እስከ መምራት ደርሷል። መልሱ ግልጽ ነበር፤ በማስታወቂያ ብቻ አይኖርም፣ የኬብል ኩባንያዎቹ ለያንዳንዱ ደንበኛ በየወሩ ይክፈሉ።

ኩባንያዎቹ ተቆጡ። በነፃ የለመዱትን ማን ይከፍላል? ነገር ግን በ1982 ማብቂያ ሲቢኤስ ኬብል የሚባለው የኪነ ጥበብ ጣቢያ ሥርጭት በጀመረ በዓመት ከጥቂት ወራት ውስጥ ወደ 30 ሚሊዮን ዶላር ከስሮ ተዘግቶ ነበር። ሲቢኤስን የሚያህል ድርጅት ጣቢያውን ከዘጋ ኢኤስፒኤንም ይዘጋል የሚለው ማስፈራሪያ ባዶ እንዳልሆነ ገባቸው። ስፖርቱን የለመደ ደንበኛ ደግሞ ቢጠፋበት ስልክ የሚደውለው ለኬብል ኩባንያው ነው። ስለዚህ እያጉረመረሙ ከፈሉ። ሲጀመር ጥቂት ሳንቲም ነበር፤ በኋላ ወደ 10 ሳንቲም አደገ።

አሥር ሳንቲም ንቃችሁ እንዳታልፏት። ጣቢያው በ1983 ወደ 30 ሚሊዮን የሚጠጉ ቤቶች ይደርስ ነበር። ከሠላሳ ሚሊዮን ቤት በወር አሥር ሳንቲም ቢሰበሰብ በዓመት 36 ሚሊዮን ዶላር ነው፤ ያውም አስተዋዋቂ ቢመጣ ባይመጣ፣ ጨዋታው ቢታይ ባይታይ፣ በየወሩ የሚገባ። በዚያ ገንዘብ መብት ይገዛል፤ መብቱ ደንበኛ ያበዛል፤ ደንበኛው ክፍያውን ከፍ ለማድረግ ጉልበት ይሰጣል። በ1987 የአሜሪካ እግር ኳስ ሊግን የእሑድ ማታ ጨዋታዎች ሲያገኝ በኬብል ኩባንያዎቹ ላይ ተጨማሪ ክፍያ የጣለውም በዚሁ መንገድ ነው። ኢኤስፒኤንን ኢኤስፒኤን ያደረገው ይህ ነው። ክሬዲት ካርዱ ለጥሩ ወሬ ይሆናል፤ የታሪኩ አከርካሪ አሥር ሳንቲሟ ናት።

ባለቤትነቱ በዚህ መሐል ተገላበጠ። በ1984 ሌላው የነዳጅ ኩባንያ ቴክሳኮ ጌቲን ሲገዛ ስፖርት አሳያለሁ የሚል ዓላማ ስላልነበረው ኤቢሲ የተባለው የአሜሪካ ቴሌቪዥን ድርጅት ጣቢያውን ከ200 ሚሊዮን ዶላር በላይ አውጥቶ ጠቀለለው፤ 20 ከመቶውን ወዲያው ናቢስኮ ለተባለው የምግብ ኩባንያ በ60 ሚሊዮን ሸጠ። በዚያው ዓመት የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ኤንሲኤኤ የኮሌጅ እግር ኳስን ሥርጭት በብቸኝነት መቆጣጠሩ ሕገ ወጥ ነው ሲል ኮሌጆች ጨዋታቸውን በየፊናቸው መሸጥ ጀመሩ፤ ለኢኤስፒኤን በቀጥታ የሚታይ ጨዋታ በገፍ መጣለት። በማግስቱ ዓመት ትርፍ ታየ። ጌቲ ከስሮ የተከለውን ሌላ ለቀመው ማለት ነው። ቀድሞ የሚገባ ገንዘብ ብዙ ጊዜ ዕጣው ይህ ስለሆነ ባለሀብት ስታነጋግሩ ይህን አትደብቁት።

በእናንተ በኩል ያንን አሥር ሳንቲም የሚሰበስብላችሁ ማነው? በኢትዮሳት የሚተላለፉ ጣቢያዎችን ሰው የሚያየው በነፃ ነው፤ ዲሹን አንዴ ከተከለ ለማንም በየወሩ አይከፍልም። በእናንተና በተመልካቹ መካከል ቆሞ ገንዘብ የሚሰበስብ የኬብል ኩባንያ የለም። እናንተ ልትገቡበት ያሰባችሁት ቦታ ኢኤስፒኤን በ1981 የነበረበት ቦታ ነው፤ ልዩነቱ ከጀርባችሁ ጌቲ የለም። በዚያ ላይ የሳተላይት ኪራይ የሚከፈለው በዶላር፣ የአገር ቤት ማስታወቂያ የሚገባው በብር ነው።

ይህን ከወረቀት ያገኘሁት አይደለም። ከዓመታት በፊት በሥርጭት ክፍል በሠራሁበት አንድ ጣቢያ ሂሳቡ በየወሩ በኢሜይል ይመጣ ነበር፤ ቁጥሩ ሳይለወጥ ብሩ ብቻ እየተለወጠ። አስተዋዋቂዎች ሦስት ወር ዘግይተው ይከፍላሉ፤ አከራዩ ሦስት ቀን አይታገስም። የተቋረጠብን ዕለት በቀጥታ ውይይት ላይ ነበርን። ስቱዲዮ ውስጥ እንግዳው ስለ ማራቶን ሥልጠና እያወራ ነው፤ መቆጣጠሪያ ክፍል ውስጥ ከሳተላይት የሚመለሰውን ምስል የምናይበት ማሳያ ጠቆረ። ለአዘጋጁ በጆሮው ምን እንደምለው ጨንቆኝ ዝም አልኩ። ሃያ ደቂቃ ያህል ማንም ሳያያቸው ተወያዩ። ስትጠይቁኝ የሚታየኝ ያ የጠቆረ ማሳያ ነው።

ምርጫዎቻችሁ ሦስት ናቸው። ሙሉ ጣቢያ መክፈት አንዱ ነው፤ ይህን በ140 ሺህ ዶላር አትሞክሩት። ቢያንስ የሁለት ዓመት ወጪ በእጅ ወይም በተፈረመ ውል ከሌለ ፈቃድ ለማውጣት መገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን ደጃፍ አትድረሱ። ሁለተኛው ለሚሠራ ጣቢያ ፕሮግራም እያዘጋጁ ማቅረብ ነው፤ ሳተላይቱን እነሱ ይከፍላሉ፣ እናንተ ጨዋታውንና ባለሙያውን ታመጣላችሁ። ጉዳቱ ስማችሁ ከጣቢያው ስም በታች መሆኑና ሰዓታችሁን እንደፈለጉ ሊያዛውሩት መቻላቸው ነው፤ ውሉ ላይ ሰዓቱ በግልጽ ይጻፍ። ሦስተኛው በኢንተርኔት ለውጭ አገር ነዋሪዎች በክፍያ ማሳየት ነው። ዋሽንግተን፣ ቴል አቪቭ ወይም ዱባይ ያለ ሰው ካርድ አለው፤ የወደደውን ጨዋታ ለማየት ጥቂት ዶላር ይከፍላል። አሥር ሳንቲሟን የሚተካው ይህ ብቻ ነው። ኢኤስፒኤን ራሱ በዚህ መንገድ ላይ ነው፤ በ2011 አካባቢ ወደ 100 ሚሊዮን ቤት ይደርስ የነበረው የኬብል ደንበኛ ከ75 ሚሊዮን በታች ወርዶበት፣ በ2025 በቀጥታ ለተመልካቹ በወር 29.99 ዶላር መሸጥ ጀምሯል። የዚህ መንገድ ችግር ሰው ጨዋታ በሌለበት ወር ክፍያውን ማቋረጡ ነው፤ ስለዚህ በወር ሳይሆን በውድድር መሸጥ ይሻላችኋል።

መብትን በሚመለከት ጥብቅ ማስጠንቀቂያ አለኝ። የአውሮፓ ሊጎችን ጎሎች ቆርጦ «ትንታኔ ነው» ብሎ ማሳየት መብት አይሆንም፤ ገጻችሁ ይዘጋል፣ ስማችሁም ከወደፊት ሻጮች ዘንድ ይበላሻል። የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግን የሥርጭት መብት በ2020 ሱፐርስፖርት እንደገዛው ታውቃላችሁ፤ እሱን ከሚያህል ድርጅት ጋር መጫረት አትችሉም። ራስሙሰን የሆነውን ሁኑ፤ ማንም ያልጠየቀውን ጠይቁ። የሴቶች እግር ኳስ፣ የታችኛው ሊግ፣ መረብ ኳስ፣ የክለቦች የአትሌቲክስ ውድድር፣ የጎዳና ሩጫ። ለእናንተ ለቨርጂኒያዎቹ ደግሞ በሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን ከ1984 ጀምሮ በየበጋው የሚያካሂደው ውድድር ደጃችሁ ላይ ነው፤ ከየከተማው የሚመጡት ቡድኖች የየራሳቸው ደጋፊ አላቸው፣ መምጣት ያልቻለው ደጋፊ ደግሞ ቤቱ ሆኖ ውጤት ይጠብቃል። መብቱ በማን እጅ እንዳለና ለስንት ዓመት እንደሆነ ፌዴሬሽኑን በደብዳቤ ጠይቁ፤ የቃል ተስፋ አትቀበሉ።

ምክሬ ይኸው ነው። ሳተላይትም አትከራዩ፣ ስቱዲዮም አትሥሩ። ሦስተኛውን መንገድ ያዙና ሁለተኛውን ደጋፊ አድርጉት። ማንም ያልያዘውን አንድ ውድድር መርጣችሁ ቢያንስ ለሦስት ዓመት የሚጸና የጽሑፍ መብት ያዙ፤ ለአንድ ዓመት ከሰጧችሁ አትግዙ፣ በእናንተ ወጪ ካሳደጋችሁት በኋላ ለሌላ ይሸጡታልና። ለመብቱና ለቀረጻው ከገንዘባችሁ ግማሹን አታሳልፉ። ሩቡ ሳይነካ ባንክ ይቀመጥ፤ ቀሪው ለሽያጭና ለክፍያ ሥርዓቱ ይዋል። ካሜራና የቀረጻ መኪና ተከራዩ፣ አትግዙ። የመጀመሪያውን ውድድር በኢንተርኔት በክፍያ አሳዩ፤ አዲስ አበባ ያሉት ሁለቱ ጓደኞቻችሁ ደግሞ ያንኑ ቀረጻ ለአንድ የአገር ቤት ጣቢያ በሳምንታዊ ፕሮግራም መልክ ይሽጡ። ከውድድሩ በኋላ ስንት ሰው እንዳየ ሳይሆን ስንት ሰው እንደከፈለ ቁጠሩ። ያ ቁጥር በሁለተኛው ዓመት ካላደገ ገንዘባችሁ ሳያልቅ አቁሙ። ካደገ ግን ባለሀብት ዘንድ ይዛችሁ የምትቀርቡት ማስረጃ አገኛችሁ ማለት ነው፤ ያኔ ስለ ሃያ አራት ሰዓት ጣቢያ ልትጠይቁኝ ትችላላችሁ።

ፌዴሬሽኑ ወይም ሊጉ የሚልክላችሁን የውል ረቂቅ ከመፈረማችሁ በፊት ሁለት አንቀጽ ፈልጉ። አንደኛው የኢንተርኔት ሥርጭትን በስም የሚጠቅስ ነው፤ «የቴሌቪዥን መብት» ብቻ ካለ ለእናንተ ባዶ ወረቀት ነው። ሁለተኛው ጊዜው ሲያልቅ ቀድማችሁ የማደስ ዕድል የሚሰጣችሁ ነው። ሁለቱ ከሌሉ መልሱላቸው።